ወረቀቱ የእሱ አይደለም



«ከዚህ ቤት እግርሽ ከወጣ ወረቀትሽን አስቆመዋለሁ። ኢሚግሬሽን ደውዬ ወደመጣሽበት አስመልስሻለሁ።»

ይህን ንግግር በገዛ ጆሯችሁ የሰማችሁ ሴቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አምናለሁ። ያልሰማችሁትም ከእህታችሁ፣ ከሥራ ባልደረባችሁ ወይም ፀጉር ከምትሠሩበት ቤት ወሬው ደርሷችኋል። በሲልቨር ስፕሪንግ ይባላል፣ በአሌክሳንድሪያ ይባላል፣ በአትላንታና በሲያትልም ይባላል። ዛሬ ስለዚህ ዛቻ ሁለት ነገር ልናገር ነው። አንደኛው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል ላላት ሴት ይህ ዛቻ በአሜሪካ ሕግ ከ1994 ጀምሮ ባዶ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሁለተኛው ይከብዳል። ሕጉ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ዛቻው በእኛ ቤት ዛሬም የሚሠራው እኛ በዙሪያዋ ያለነው ሰዎች ስለምናሠራው ነው።

ዛቻው ከባዶ አልተነሣም፤ ያንን መካድ አልፈልግም። በዚህ አገር የኢሚግሬሽን ሥርዓት ለሚስቱ የሚያመለክተው ባል ነው። ፎርሙን የሚፈርመው፣ ቀጠሮ ላይ አብሯት የሚቀርበው እሱ ነው፤ ሐሳቡን ከለወጠም ማመልከቻውን ማንሣት ይችላል። በ1986 ደግሞ ነገሩ ባሰ። የያኔው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በጋብቻ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች 30 በመቶ ያህሉ ማጭበርበር ሳይኖርባቸው እንደማይቀር ለሕግ አውጪዎች ተናገረ። ቁጥሩ የተወሰደበት ጥናት ለዚያ ድምዳሜ የሚበቃ እንዳልነበረ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ወጣ፤ ሕጉ ግን ቀድሞ ጸድቋል። ከዚያ ወዲህ ግሪን ካርዱ በሚሰጥበት ቀን ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ ሚስት የምታገኘው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ካርድ ሆነ። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ካላመለከቱ መኖሪያ ፈቃዷ ይቋረጣል። አጭበርባሪን ለመያዝ ተብሎ የወጣው ሕግ፣ ለሚማታ ባል የሁለት ዓመት ሥልጣን አስረከበው።

በ1990 ሕግ አውጪዎቹ ይህን ጉድለት በከፊል ደፈኑት። የሁለት ዓመት ካርድ የያዘችና ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የደረሰባት ሚስት፣ ያለ ባሏ ፊርማ ብቻዋን እንድታመለክት ፈቀዱላት። ነገር ግን ባሏ ጨርሶ ያላመለከተላት ሴትስ? «እየሞላሁ ነው፣ ጠበቃው ጋ ነው» እያለ ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈባት? እሷ ከጥበቃው ውጭ ቀረች። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ አዩዳ በተባለው የስደተኞች ድጋፍ ድርጅት ስትሠራ የነበረችውን ሌስሊ ኦርሎፍን የመሰሉ ጠበቆች የእነዚህን ሴቶች ጉዳይ ይዘው ሕግ አውጪዎችን ወተወቱ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን፣ ሴናተር ጆ ባይደን ለዓመታት ሲገፉት የቆዩትን በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚመለከት ሕግ ፈረሙ። ጠበቆች ሕጉን በምሕጻር ቫዋ ይሉታል። በዚያ ትልቅ ሕግ ውስጥ ለስደተኛ ሚስት የተጻፈው ክፍል ትንሽ ነው፤ የሚለው ግን ትልቅ ነገር ነው። የተበደለችው ሚስት በራሷ ስም ታመልክት፣ ባልየው አይጠየቅ፣ አይፈርም፣ አይነገረው።

ይህን የመጨረሻውን ደግሜ ልበለው። አይነገረው። ማመልከቻው አይ-360 በሚባል ፎርም ይገባል፤ ይህ ፎርም በቫዋ ለሚያመለክቱ ሰዎች ክፍያ የለውም። ደብዳቤ ወደ ቤቷ እንዳይመጣ ሌላ አስተማማኝ አድራሻ መስጠት ትችላለች። በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ስለ ማመልከቻዋ ለባሏም ሆነ ለቤተሰቡ እንዳይናገሩ ይከለክላል፤ ሆን ብሎ የተላለፈ ሠራተኛ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። ያው ሕግ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዟል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ባልየው ተናድዶ «ለግሪን ካርድ ብላ ነው ያገባችኝ» ብሎ ለኢሚግሬሽን ደብዳቤ ቢጽፍ፣ መሥሪያ ቤቱ በእሱ ቃል ብቻ ተመሥርቶ በእሷ ላይ መወሰን አይችልም። «ደውዬ» የሚላት ስልክ፣ ቢደውልም እንኳ፣ ብቻውን አያፈርሳትም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። የእኛ ማኅበረሰብ አመጣጥ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዷን የሚያድናት መንገድ ለሌላዋ ላይሆን ይችላል።

በዲቪ ከባሏ ጋር የመጣችውን ሴት አስቡ። ዕጣው የወጣው ለእሱ ነው፤ ስለዚህ ለዓመታት «በእኔ ነው የመጣሽው፣ በእኔ ትመለሻለሽ» ሲላት አምናዋለች። እውነቱ ሌላ ነው። በዲቪ አብራ የገባች ሚስት፣ ትዳሩ የእውነት እስከሆነ ድረስ፣ የራሷ የሆነ ግሪን ካርድ አላት። ሁኔታ የተቀመጠበት የሁለት ዓመት ካርድም አይደለም። ብትለየው፣ ብትፈታው፣ ከእሱ ርቃ ሌላ ክፍለ ግዛት ብትሄድ ካርዷ ካርዷ ነው። እሷ ቫዋ እንኳ አያስፈልጋትም። ካርዱን ደብቆባት ከሆነ ምትክ ታወጣለች፤ ካርድ መደበቅ ፈቃድ መሰረዝ አይደለም። የቋሚ ነዋሪነትን መብት ለመንጠቅ መንግሥት ራሱ ወደ ኢሚግሬሽን ዳኛ መሄድ አለበት። ይህን አንድ እውነት ባለማወቅ ስንት ዓመት በዱላ ሥር የኖሩ ሴቶች እንዳሉ ሳስብ ያመኛል፤ ምክንያቱም ሊነግራቸው የሚችል ሰው በየሰንበቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያ ሄዶ አግብቶ ያመጣት፣ ወይም በእጮኛ ቪዛ መጥታ እዚህ የተጋባች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመቱን ካርድ የያዘችው እሷ ናት። የ1990ው ፈቃድ ለእሷ ነው። አብሯት እንዲፈርም መለመን የለባትም፤ ፍቺው እስኪያልቅም ሆነ ሁለቱ ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ግዴታዋ አይደለም። በእጮኛ ቪዛ አምጥቷት ከተጋቡ በኋላ ቀሪውን ፎርም ሆን ብሎ ያላስገባላት ከሆነ ደግሞ የቫዋ መንገድ ይከፈትላታል። ተማሪ ሆና ወይም ለጉብኝት መጥታ ቪዛዋ ካለፈ በኋላ ዜጋ ያገባችም እንዲሁ። የዜጋ ሚስት የሆነች አመልካች የአይ-360ውን ፎርምና የግሪን ካርዱን ማመልከቻ አንድ ላይ ማስገባት ትችላለች፤ በዚያ መሠረት እየጠበቀች የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። ባሏ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ግን ወረፋ ሊኖር ይችላል።

አንድ ቡድን አለ፣ ስለ እሱ ማሳሰቢያ ሳልሰጥ ብወርድ በደል ይሆንብኛል። ባሏ ጥገኝነት ተፈቅዶለት ገና ግሪን ካርድ ያልያዘ ከሆነ፣ ሴቲቱ በቫዋ ማመልከት አትችልም፤ ሕጉ ባልየው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህች ሴት ግሪን ካርዷን ሳታገኝ ብትፋታ በባሏ በኩል ያገኘችው መሠረት ይናጋባታል፤ ስለዚህ የፍቺ ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ጠበቃ ማየት አለባት። የራሷ የጥገኝነት ጥያቄ ሊኖራት ይችላል። ወይም በ2000 በወጣው ሕግ የተፈጠረው፣ ወንጀል ለተፈጸመባቸውና ከፖሊስ ወይም ከዐቃቤ ሕግ ጋር ለተባበሩ ሰዎች የሚሰጠው ዩ ቪዛ አለ። እሱ በዓመት ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው እጅግ ረጅም ነው። ለዚህች ሴት ያለው ጥበቃ ከሌሎቹ የሳሳ ነው፤ ሕጉ እዚህ ላይ አሁንም ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

የ2000ው ሕግ ሌሎች ነገሮችንም አቃንቷል። ቀድሞ አመልካቿ ወደ አገሯ ብትመለስ ከባድ ችግር እንደሚገጥማት ማስረዳት ነበረባት፤ ያ ቀረ። ከተፋታች በኋላም፣ ፍቺው ከበደሉ ጋር እስከተያያዘ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት እንድትችል ተፈቀደ። ይህችን የሁለት ዓመት ገደብ በልባችሁ ያዙልኝ። እናንተ ሽማግሌዎች «እስቲ ትንሽ ታገሺ፣ እስቲ ደግሞ እናነጋግረው» ስትሉ፣ ፍቺው በፍርድ ቤት ካለቀ ቀኑ እየነጎደ ነው። ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ማንም ሽማግሌ ያንን ቀን መልሶ ሊያመጣላት አይችልም።

ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የበለዘ ዓይን ነው። ሕጉ ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። ድብደባ ባይኖርም «ከባድ ጭካኔ» ይበቃል። ፓስፖርቷን መቆለፍ፣ ደሞዟን ወስዶ የአውቶቡስ ሳንቲም ማስለመን፣ ቋንቋ እንዳትማርና መኪና መንዳት እንዳትለምድ መከልከል፣ ስልኳን መበርበር፣ ከእናቷ ጋር እንዳትነጋገር ማድረግ፣ ያለ ፈቃዷ ከእሷ ጋር መተኛት፣ «ልጆቹን አዲስ አበባ ወስጄ ትቻቸው እመጣለሁ» ማለት፣ በየቀኑ በዲፖርት ማስፈራራት። አንዱ ብቻውን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሲደራረብና ሲደጋገም ግን ሕጉ እንደ አንድ በደል ያየዋል። ያለ ፈቃዷ መተኛት ያልኩትን አንዳንዶቻችሁ በትዳር ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለው ብላችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ። በዚህ አገር ወንጀል ነው፤ በኢሚግሬሽን ዓይንም ጥቃት ነው።

እና ማስረጃው? የፖሊስ ሪፖርት ግዴታ አይደለም። ባልየው እንዲከሰስም ሆነ እንዲፈረድበት አይጠየቅም። ሕጉ የሚለው መሥሪያ ቤቱ ሊታመን የሚችል ማንኛውንም ማስረጃ እንዲመለከት ነው። የሚፈለገው የተጋቡት ከልብ መሆኑን፣ አብረው መኖራቸውን፣ ባልየው ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆኑን፣ በደሉ መድረሱንና እሷ መልካም ሥነ ምግባር ያላት መሆኑን ማሳየት ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ በሁለቱም ስም የመጣ የመብራት ሂሳብ፣ የልጅ የልደት ወረቀት፣ የሠርግና የመልስ ፎቶ፣ በቫይበር የተላከ የስድብ ድምፅ፣ የሐኪም ካርድ፣ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ካለ እሱ፤ ሁሉም ያገለግላል። ከዚህ በፊት ያገባች ወይም ያገባ ከሆነ የቀድሞው ፍቺ ወረቀት መኖር አለበት፤ ብዙ ማመልከቻ የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህን ሁሉ ቅጂ ቤት ውስጥ አታስቀምጥ፤ የምታምናት ጓደኛ ጋ ታኑር። በአማርኛ የተጻፈ ማንኛውም ወረቀት የተርጓሚው ማረጋገጫ ካለበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይቀርባል።

በዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል ልብ የሚሆነው በጽሑፍ የምትሰጠው የራሷ ቃል ነው። ሴቶቻችን ይህን ሲጽፉ ምን እንደሚያጋጥማቸው ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ገመናን ሸፍኖ መያዝ ተምረን ነው ያደግነው። «ክፉ ጊዜ አሳልፈናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደኅና ነኝ» ብላ በሁለት መስመር ትጨርሰዋለች። እነዚያ ሁለት መስመሮች ለሚያነባቸው መኮንን ምንም አይነግሩትም። እሱ ኢትዮጵያን አያውቃት፣ እሷን አላያት፤ ከወረቀቱ ውጭ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበሩ፣ ምን ቃል እንደተናገራት፣ ልጇ በዚያ ሰዓት ሶፋው ላይ ተኝታ ወይስ ነቅታ እንደነበረች፣ ስልኳን ነጥቆ ምን እንዳደረገው፣ በማግስቱ ሥራ ስትሄድ ክንዷን በምን እንደሸፈነች፣ አለቃዋ ሲጠይቃት ምን እንዳለች መጻፍ አለባት። ፍቅሩንም ትጻፍ። እንዴት እንደተዋወቁ፣ እናቷ ምን እንዳለች፣ ማን ሚዜ እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ዓመት ፋሲካ እንዴት እንዳሳለፉት። ብዙዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ «እንዲህ ካደረገኝ በኋላ እንዴት እወደው ነበር እላለሁ?» ይላሉ። ይበሉት። ትዳሩ የእውነት እንደነበረ የሚያሳየው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ተቀምጦ መናገር አይቻልም። የሚያስተረጉምላት ሰው የባሏ ዘመድ መሆን የለበትም፤ ከሁሉ በላይ ልጇ መሆን የለበትም። እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ የ12 ዓመት ልጅን የአባቱን በደል አስተርጉም ማለት ልጁንም መጉዳት ነው።

አሁን ሽማግሌዎችን በቀጥታ ላናግር። እናንተን አከብራለሁ፤ ይህ ማኅበረሰብ በስደት አገር ሳይበተን የቆየው በእናንተ ነው። በአገራችን በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ አድርጎት ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ሽማግሌ የቀረለት ማስታረቅ ነው። አገር ቤት ይህ ከተለወጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት፣ እዚህ ሳሎናችን ውስጥ ግን አሁንም የምንፈርድ ይመስለናል። አንዲት ሴት ለሦስተኛ ጊዜ ፊታችሁ ቀርባ ስታለቅስ፣ እሱም «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ ጉልበት ስሞ፣ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብላችሁ አብራችሁ ስትመልሷት፣ ያንን ሁሉ በዓይናችሁ አይታችኋል። እሱ በፊታችሁ ጥፋቱን አምኗል። በዚህ ከተማ ከእናንተ የበለጠ ምስክር የላትም።

በኋላ ግን መጥታ «እባካችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ» ስትል፣ «እኛ ለማስታረቅ እንጂ ለመመስከር አልገባንም» ትባላለች። ይህ መልስ የሽምግልና ወግ ነው ይባላል። እኔ አልቀበለውም። የሰማችሁትን ምሥጢር በየቡና ቤቱ አውሩ አላልኳችሁም። የምትጽፉት ደብዳቤ ለባልየው የማይታይ፣ ለጋዜጣ የማይወጣ፣ በሕግ የተሸፈነ ነው። የሚጻፈውም ያያችሁትና የሰማችሁት ብቻ ነው። በዚህ ወር አካባቢ እንድናስታርቃቸው ጠርተውን ነበር፣ እንዲህ አለች፣ እሱም መማታቱን አልካደም፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ዳግም ተጠራን። ይኸው ነው። ለንስሐ አባቶችም፣ ለኢማሞችም፣ ለፓስተሮችም የምለው ይህንኑ ነው። የንስሐን ምሥጢር አልጠይቅም፤ እሱ በእናንተና በፈጣሪ መካከል ነው። ግን ከኑዛዜ ውጭ በቤታቸው ተገኝታችሁ ያያችሁትን መጻፍ ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው እጁን የሚሰበስብበትን ፍርሃትም አውቀዋለሁ። «የልጆቿን አባት አሳስሬ፣ አስባርሬ እንዴት እኖራለሁ?» ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ከ1996 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በቤት ውስጥ ጥቃት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ብዙ ሚስቶች እያበጡ 911 የማይደውሉት ለዚህ ነው። ነገር ግን የፖሊስ ጉዳይና የቫዋ ማመልከቻ የተለያዩ ናቸው። ማመልከቻው ክስ አይደለም። ባልየው አይጠራበትም፣ አይታሰርበትም። እሷ የራሷን መኖሪያ ፈቃድ ነው የምትጠይቀው፤ እሱን የሚመለከት ውሳኔ አይጻፍም። እናም ሕይወቷ አደጋ ላይ ሆኖ ፖሊስ ብትጠራና በዚህ ጥፋቱ እሱ የነዋሪነት መብቱን ቢያጣ እንኳ፣ እሷ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ትችላለች፤ የእሱ መውደቅ እሷን ይዟት አይወድቅም። አባትየውን ለማዳን ብላ እናትየዋ የምትሞትበትን ቤት ልጆቹ አይወዱትም።

ስለ ልጆች ካነሣሁ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆቿ በማመልከቻዋ ይካተታሉ፤ ኢትዮጵያ ከአያታቸው ጋር ያሉትም ጭምር። ልጆቹ ራሳቸው የተበደሉ ከሆነ ለልጇ ብላ ማመልከት ትችላለች። በኋላ የተጨመረ ድንጋጌ ደግሞ ዜጋ የሆነ ልጃቸው ለሚበድላቸው ወላጆች ይደርሳል። ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት መጥተው ጓዳ ውስጥ ያለ ደሞዝ የሚሠሩ፣ የሚሰደቡና የሚገፈተሩ እናቶቻችንን አስቡ። ልጁ 21 ዓመት የሞላውና ዜጋ ከሆነ ይህ መብት የእነሱም ነው። ስለዚህ በማኅበረሰባችን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሕጉ ስሙ የሴቶች ቢሆንም ለወንድም እኩል ይሠራል። ሚስቱ ዜጋ ሆና የምትማታው፣ የምታዋርደውና «አስባርርሃለሁ» የምትለው ወንድ አለ፤ እሱ ለሽማግሌ እንኳ መናገር ይከብደዋል። መብቱ አንድ ነው።

ጥንቃቄዎችን ላስቀምጥ። ትዳሩ ለወረቀት ወይም ለዲቪ ተብሎ ብቻ የተደረገ ከሆነ ይህ መንገድ አይሆንም፤ ማንም «ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» ቢላችሁ አትስሙት። ማመልከቻው ሳይጸድቅ ሌላ ያገባች ሴት መብቷን ታጣለች፤ ከጸደቀ በኋላ ግን ማግባት ትችላለች። ውሳኔው ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ መካከል ያለ ጠበቃ ምክር ከአሜሪካ መውጣት አደጋ አለው። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈቃድ የሌላት ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ልትመራ ትችላለች፤ ስለዚህ በግምት የሚገባ ወረቀት አይደለም። በየሱቁና በየጉዞ ወኪሉ «ፎርም እንሞላለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ቅን ናቸው፤ ግን ጠበቃ አይደሉም፣ የአንዷን ታሪክ ለሌላዋ ገልብጠው የሚያስገቡም አሉ። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ታሪክ ካቀረቡ ሁለቱም አይታመኑም። እዚህ አካባቢ አዩዳ አለ፤ በቨርጂኒያ በ1997 የተቋቋመው ጣሂሪ የፍትሕ ማዕከልም በቤት ውስጥ ጥቃት የተበደሉ ስደተኞችን በነፃ ይረዳል። የጠበቃ ፍለጋውን ከእነሱ ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት ግን መርዳት ያለብን እኛ ነን። መጠለያ ውስጥ ያደረች ሴት በማግስቱ የሚያስፈልጋት ሕግ ብቻ አይደለም። የሚያሳድራት ክፍል፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው፣ የሥራ ፈቃዷ እስኪመጣ የሚያበላት ያስፈልጋታል። እድራችን ሰው ሲሞት በአንድ ቀን ብር ያሰባስባል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ለሳምንት ያበላል። ያንኑ ብር በሕይወት ላለች ሴት እናውጣ። ለእድር አመራሮች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ ከቤቷ በጥቃት ለወጣች አባል ወይም የአባል ሚስት ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚከፈል ድጋፍ። አመራር ላይ ያላችሁ ዛሬ እዚህ አላችሁ፤ መልሳችሁን በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ እጠብቃለሁ።

ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ ቁጥሩ 1-800-799-7233 ነው። ደዋይዋ ስሟን የመናገር ግዴታ የለባትም። እንግሊዝኛ የማትችል «አምሃሪክ» ብላ ትጠይቅ፤ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ያስገቡላታል። ባሏ ስልኳን የሚበረብር ከሆነ ከሥራ ቦታ ወይም ከጓደኛዋ ስልክ ትደውል።